ጣቱ ሳይነሳ

አባቴ ሌባ ነው ብዬ ያመንኩት ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ፣ በሜይ ወር አንድ ብርዳም ከሰዓት በኋላ ላይ ነው። ማንም አልነገረኝም። በገዛ ዓይኔ አይቼ፣ በገዛ ራሴ ፈርጄ ነው። ምስክርም አልጠራሁ፣ ይግባኝም አልፈቀድኩ።

አባቴ ሌን ፓይክ የዌንሻየር ክሪኬት ክለብ ያዥ ነበር። ያዥ ማለት ትልልቅ ጓንት አጥልቆ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ የሚልና መቺው የሳታትን ኳስ የሚቀልብ ሰው ነው። ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነበር። ጉልበቱ አልቋል፤ ጣቶቹም ተሰብረው ተጠግነው፣ ደግሞ ተሰብረው፣ እንደ ዝንጅብል ተጣመዋል። የምንኖርበት ቤት የክለቡ ነው። ከሜዳው ጀርባ ነበርን፤ በአጥሩ ላይ በተከፈተች አንዲት ትንሽ በር እንወጣለን፣ እንገባለን። አባቴ እስከተጫወተ ድረስ ቤቱ የእኛ ነው። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳኝም፤ ግን እናቴ ሞሪን ግድግዳውን ቀለም እንቀባው በተባለች ቁጥር «ለማን ብለን?» ስለምትል ገብቶኝ ነበር።

ቅዳሜና እሁድ እናቴ ዳቦ ቤት ስለምትሠራ እኔ የምሰጠው ለሚስስ ፌን ነበር። ሚስስ ፌን ባላቸውን ከቀበሩ ወዲህ አንድም ጨዋታ ያላመለጣቸው አሮጊት ናቸው። ቴርሞሳቸውን፣ ብርድ ልብሳቸውንና የባላቸውን የሩቅ ማያ መነጽር ይዘው፣ ከአባላቱ መቀመጫ ጥግ ላይ ይሰየማሉ። ጨዋታ ሲያዩ ሹራብ ይሠራሉ፤ ሰው ሲያሙም ሹራብ ይሠራሉ። እጃቸው ሲፈጥን ሐሜቱ መጣፈጡን አውቅ ነበር፤ ጠጋ እላለሁ።

ያን ቀን የአራት ቀኑ ጨዋታ ሁለተኛ ቀን ነው። አባቴ ባት፣ ማለትም ጠፍጣፋውን የእንጨት መምቻ፣ ይዞ ጥሩ እየመታ ነበር። አንዲት ኳስ አልፋው ሄደች፤ የተጋጣሚዎቹ ያዥ ቀለባት። ኳሷ የባቱን ጠርዝ ነክታ ከተቀለበች መቺው ወጣ ማለት ነው። ካልነካች ምንም የለም። ዳኛው ደግሞ ካልተጠየቀ አይፈርድም፤ ስለዚህ «እንዴት ነው?» ብለው ይጮኻሉ። ያን ቀን ሁለት ሰዎች፣ ያውም በግማሽ ልብ፣ «እንዴት ነው?» አሉ። ዳኛው ሚስተር ሉቦክ ነጭ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ንቅንቅ አላሉም። ጣታቸውም አልተነሳም። አባቴ ግን ባቱን ብብቱ ሥር ወሸቅ አደረገና፣ ጓንቱን እየፈታ፣ በገዛ እግሩ ከሜዳ ወጣ።

ይህ ለሌላ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። አባቴ ግን በመላው እንግሊዝ የታወቀው በአንድ ነገር ነው፤ የዳኛው ጣት ካልተነሳ አይወጣም። ኳሷ ባቱን ነክታ ድምጿ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ቢሰማ፣ እሱ ደመና እየቆጠረ ይቆማታል። ሲጠይቁት «ዳኛው የሚከፈለው ለዚህ ነው፤ ሰው እንጀራውን ለምን ይነጠቃል?» ይላል። ተጋጣሚዎቹ ይሰድቡት ነበር፣ የእኛ ሰዎች ደግሞ ይወዱት ነበር።

ሚስስ ፌን መርፌዎቹን አቆሙ። «አባትሽ አሞታል እንዴ?» አሉኝ።

አላመመውም፣ ቁርስ ላይ ሦስት እንቁላል በልቷል አልኳቸው።

«በእኛ ጊዜ» አሉ ወደ ሜዳው እያዩ፣ «ሳይባረር የሚወጣ ሰው ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ ቅዱስ፣ ሌላው የተገዛ። ሌን ፓይክ ደግሞ ቅዱስ ሲሆን አላየሁትም።» ከዚያ መርፌዎቹ እንደገና ቀጠሉ፤ እንዲያውም ፈጠኑ። እኔ ግን «የተገዛ» የሚለውን ቃል ይዤ ቀረሁ።

የሻይ ሰዓት ሲሆን ተነሥቼ ሄድኩ። ሣሩን የሚዳምጡበት ትልቁ የብረት መዳመጫ ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ይቆም ነበር፤ ከኋላው ተደበቅኩ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው፤ የናፍጣና የተቆረጠ ሣር ሽታ አለው። አባቴና ሚስተር ሉቦክ ከመኪናቸው አጠገብ ቆመዋል። አባቴ እጁን ትከሻቸው ላይ ጥሎ፣ አፉን ጆሯቸው ሥር አስጠግቶ ይናገራል። እንዲህ ተጠጋግተው የሚያወሩ ሁለት ወንዶች አይቼ አላውቅም። ከዚያም አንድ ቡናማ የወረቀት ከረጢት ሰጣቸው፤ ሚስተር ሉቦክ ግራ ቀኝ አይተው ካፖርታቸው ውስጥ ከተቱት።

አባቴ «እስከ ሴፕቴምበር ብቻ ነው፣ አለቃ። እኔ አለሁልዎት» ሲል ሰማሁት።

ሚስተር ሉቦክ ደግሞ ሹክሹክታ የሚባል ነገር አያውቁበትም ነበር። ድምፃቸው መዳመጫው ድረስ መጣ። «ከታወቀ እኔ ብቻ አይደለሁም የምዋረደው፣ ሌን። አንተንም ይዤህ ነው የምወድቀው።»

ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? አለቃ አለ፣ ምስጢር አለ፣ ከረጢት አለ። ከረጢቱ ውስጥ የእናቴ የፍራፍሬ ኬክ እንደነበር የነገረችኝ እናቴ ናት፤ ያውም አድጌ ልጅ ከወለድኩ በኋላ። ሚስተር ሉቦክ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ምግብ የሚባል ነገር ትተው ነበርና። «አለቃ»ም የድሮ መጠሪያቸው ነው፤ አባቴ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ክለቡ ሲገባ የቡድኑ አምበል እሳቸው ነበሩ። ባት አያያዝ ያስተማሩት፣ ክለቡ አትረባም ብሎ ሊያሰናብተው ሲል «እሱ ከሄደ እኔም እሄዳለሁ» ብለው ያስቀሩት እሳቸው ናቸው። ያኔ ግን ይህን ማን ነገረኝ? ለእኔ ከረጢቱ ሙሉ ገንዘብ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ጆሮዬ ቆመ። አንድ ቀን ጠዋት ደረጃው ላይ ተቀምጬ የጫማዬን ማሰሪያ ሳስር፣ ከወጥ ቤት የእናቴ ድምፅ መጣ። ኦልድሮይድ ምን አለህ ትለዋለች። ሚስተር ኦልድሮይድ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ናቸው፤ ፊታቸው ቀይ ነው፣ የሚበሉት ቤታቸው ቢሆንም የሚጠጡት ክለቡ ውስጥ ነው። አባቴ ነገሩን በአጭሩ ነገራት፤ ዋንጫ ከመጣ አንድ ዓመት ይጨምሩለታል፣ ካልመጣ ከሁለተኛው ቡድን ያደገው ልጅ ቦታውን ይወስዳል። ቤቱንም ለዚያ ልጅ ይሰጡታል።

እናቴ ድስት አስቀመጠች፤ ጮክ ብሎ ተሰማ። «እና አንተ በዚህ ዓመት ነው በገዛ እግርህ የምትወጣላቸው?»

«ምን ላድርግ ሞሪን? እሳቸው ቆመው እያዩ እኔ እንደ ግንድ ልገተር?»

«ሰው ቢያውቅስ?»

«ካልነገርን ማን ያውቃል?»

በዚህ መሀል ደረጃው ሲጢጥ አለ። እናቴ ብቅ ብላ አየችኝና፣ ጫማሽን አሰርሽ ወይ አለችኝ፤ ፈገግታዋ የውሸት ነበር። እናቴም አለችበት ማለት ነው። እኔ ብቻ ነኝ ንጹሕ ብዬ አሰብኩ፣ ትምህርት ቤት እስክደርስም ስለ ራሴ አዘንኩ።

በዚያ በጋ ክለቡ ሦስት ዓይነት ጨዋታ ነበረው። የአራት ቀኑ፣ የእሁዱና የዋንጫው። በአራት ቀኑ ገና ከጁን ጀምሮ ከሰንጠረዡ መሀል ተንጠልጥለን ቀረን፤ ወደ ላይም ወደ ታችም የለም። በእሁዱ ጨዋታ ተጫዋቾቹ አረንጓዴና ቢጫ ለብሰው ይገባሉ። ሚስስ ፌን «ፒጃማ» ነው የሚሉት፤ «ፒጃማ ለብሶ የተሸነፈ ሰው ወደ አልጋው ይሂድ» ይሉ ነበር። እኛ ደግሞ በየእሁዱ እንሸነፋለን። በዋንጫው ግን፣ ማንም ሳያስበው፣ አንዱን ጣልን፣ ሌላውን ጣልን።

እኔ የማየው ጨዋታውን አልነበረም፤ ዳኞቹን ነው። ዳኞች ከአውራጃ አውራጃ ይዘዋወራሉ። ሚስተር ሉቦክ የሌሉ ጊዜ አባቴ የድሮው አባቴ ነው፤ ጣት ካልተነሳ አይነቃነቅም፣ ይሰደባል፣ ይስቃል። እሳቸው ባሉ ጊዜ ግን ይለወጣል። በጁላይ እንደገና ወደ ሜዳችን ወደ ኮልድፎርድ መጥተው ሲፈርዱ፣ አባቴ እንደገና ጣት ሳይነሳ ወጣ። ከኋላችን የተቀመጠ አንድ ሰውዬ «ምን ነክቶታል ይሄ ሰው?» አለ። ሚስስ ፌን እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ኬክ ቆርሰው ሰጡኝ። ኬኩን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

በማግሥቱ እሁድ ነበር፤ ያው ዳኛ፣ ያው ተጋጣሚ። የሚስስ ፌንን መነጽር ለምኜ ያዝኩ። አሁን የሚመታው ሌላው ቡድን ነው፤ አባቴ ከኋላ ቁጢጥ ብሏል። ወርዋሪያችን ኔቪል ስታብስ የሚባል፣ ሲሮጥ መሬት የሚያንቀጠቅጥ ግዙፍ ሰው ነው። ኳሷን ላካት፣ አባቴ ያዛት፣ ሁሉም «እንዴት ነው?» ብለው ጮኹ። መነጽሩን ሚስተር ሉቦክ ፊት ላይ አደረግኩ። ዓይናቸው መቺው ላይ አልነበረም። ወርዋሪው ላይም አልነበረም። አባቴን ነበር የሚያዩት። አባቴ ኳሷን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ለጠፋት፣ ያኔ ጣታቸው ተነሣ።

ቆይቶ ሌላ ጩኸት መጣ። ሚስተር ሉቦክ እንደገና አባቴን አዩ። አባቴ ግን ኳሷን እንደ ተራ ነገር አጠገቡ ለቆመው ሰው ወረወረለትና ፊቱን አዞረ። ሚስተር ሉቦክ አልወጣም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ኔቪል ሰማይና ምድር አንድ እስኪሆን ተቆጣ፣ ምንም አልጠቀመው። ከዚያ በኋላ መነጽሩን ከዓይኔ አላወረድኩም። ደረት ከሆነ ወጣ፣ ውርወራ ከሆነ አልወጣም፤ አንዴም አልተዛነፈም። ሰው ሁሉ ዳኛው ነጭ ካፖርት የለበሰው ሽማግሌ ይመስለዋል። ዳኛው አባቴ ነበር። በገዛ ቡድኑም ላይ ሲፈርድ አየሁት።

ሚስስ ፌን ምን እንዳየሁ ጠየቁኝ። ወፍ አልኳቸው። ብናገር ቤታችንን ይወስዱብናል ብዬ ፈራሁ፤ ዝም ስል ደግሞ አባቴ ራሱ የሚሸጠው መሰለኝ። ራቴን መተው የጀመርኩት ያኔ ነው። እናቴ የአይስክሬም ነው ብላ አይስክሬም ከለከለችኝ።

የዋንጫው ግማሽ ፍጻሜ በኦገስት፣ በእኛው ሜዳ ሆነ። ተጋጣሚያችን ኖርዝሜር ነው። እኔ ከተወለድኩ ወዲህ እንደዚያ ያለ ሕዝብ ኮልድፎርድ ላይ አልታየም፤ አጥሩ ላይ ሳይቀር ሰው ተንጠልጥሏል። እናቴ እንኳ ዳቦ ቤቱን አስፈቅዳ መጥታ ከእኔና ከሚስስ ፌን ጋር ተቀመጠች። ሚስተር ኦልድሮይድ በሰገነቱ ላይ ብርጭቆ ይዘው ይንጎራደዳሉ። ድምፅ ማጉያው የዳኞቹን ስም ሲጠራ «ሉቦክ» የሚል ሰማሁ፤ እናቴን ሳያት ከንፈሯን ነክሳለች።

እኛ ቀድመን መታን። አባቴ ደህና ነጥብ አስቆጥሮ፣ ከመቺው ጀርባ የሚተከሉት ሦስት እንጨቶች በኳሷ ተፈነቃቅለውበት ወጣ። እንደዚያ ሲሆን ጥያቄም ምልክትም የለም፤ ወጣ ነው። የራሴ አባት እንጨቱ ስለተፈነቀለበት ደስ ብሎኝ ያጨበጨብኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ኖርዝሜሮች እየመቱ እየወጡ፣ እየመቱ እየወጡ፣ ነገሩ እስከ መጨረሻው ሰው ደረሰ። ሦስት ነጥብ ካገኙ ያሸንፋሉ፤ ይህን ሰው ካስወጣነው እኛ ለፍጻሜ ሎንዶን እንሄዳለን። መቺው ባቱን እንደ መጥረጊያ የያዘ ቀጭን ልጅ ነው። ኔቪል ከሩቅ ተንደርድሮ መጣ። ሜዳው ሁሉ ዝም አለ። ኳሷ ተምዘግዝጋ ወጣች፣ ልጁ ባቱን ወዘወዘ፣ አንዲት ትንሽ ድምፅ መጣች፣ ኳሷም አባቴ ጓንት ውስጥ ገባች።

«እንዴት ነው?» ሜዳ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ መቀመጫ ላይ ያለው ሁሉ፣ እናቴ ሳትቀር ጮኸች። አንድ ሰው ብቻ አልጮኸም። አባቴ ኳሷን እንደያዘ ቆሟል። ሚስተር ሉቦክ እያዩት ነው። የአባቴ እጅ ወደ ደረቱ ከፍ ማለት ሲጀምር አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ እምልበታለሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ ኳሷን አጠገቡ ላለው ሰው ወረወራት።

ሚስተር ሉቦክ ራሳቸውን ነቀነቁ።

በሚቀጥለው ኳስ ቀጭኑ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ የመታት ይመስለኛል፤ ኳሷ በማንም እጅ ሳትያዝ እስከ ድንበሩ ተንከባለለች፤ ያ አራት ነጥብ ነው። አለቀ። ኔቪል መሬት ላይ ተቀመጠ። ሚስተር ኦልድሮይድ ሰገነቱ ላይ አልነበሩም፤ ብርጭቆው ብቻ ነበር። ሚስስ ፌን ሹራባቸውን ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

አመሻሽ ላይ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ አባቴ ቦርሳውን አንግቶ መጣና እጄን ያዘኝ። እናቴ ቀድማን ሄዳ ነበር። ሣሩ ላይ ባዶ ብርጭቆዎችና የተረገጡ ሳንድዊቾች ወድቀዋል። በአጥሩ በር ልንገባ ስንል እጄን ከእጁ መነጨቅኩ።

«ስንት ሰጡህ?» አልኩት።

አባቴ ቆመ። መጀመሪያ ያልገባው መሰለኝ፤ ከዚያ ሲገባው አየሁት። ሲቆጣ አውቀዋለሁ፣ ያ ቁጣ አልነበረም። ይምላል ብዬ ጠበቅኩ። ልጄ ሙች ይበለኝ፣ በጥፊ ይበለኝ፣ አንድ ነገር ይበለኝ። ወደ ኋላ ዞሮ ሜዳውን አየ። ሚስተር ሉቦክ በሩቅ፣ ካፖርታቸውን ክንዳቸው ላይ ጥለው፣ ብቻቸውን ወደ መኪናቸው እየሄዱ ነበር።

«ግቢ፣ ይበርድሻል» አለኝ።

ቤቱን በኦክቶበር ለቀቅን። አባቴ የመኪና መንዳት አስተማሪ ሆነ፤ ከአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ባለ ሁለት ክፍል ውስጥ ገባን። እናቴ ያንን ግድግዳ ቀባችው። ሚስተር ሉቦክ በሴፕቴምበር የመጨረሻ ጨዋታቸውን ፈርደው፣ የሁለቱም ቡድን ተጫዋቾች በግራና በቀኝ ተሰልፈው እያጨበጨቡላቸው ወጡ። ፎቶው በጋዜጣ ላይ ወጥቶ ነበር፤ አባቴ ከተሰለፉት አንዱ ነው። ከሁሉም አብልጦ የሚያጨበጭበው እሱ ነው። እኔ ፎቶውን ሳየው የሌባ ድፍረት ይገርማል አልኩ። ከአባቴ ጋር እየበላሁ፣ እየሳቅኩ፣ እየተሳምኩ አደግሁ፤ ግን ከፊቱ ላይ ገንዘብ ስፈልግ ነው ያደግሁት።

ሚስተር ሉቦክ የሞቱት ባለፈው ክረምት ነው። አባቴ ጉልበቱ ስለያዘው እኔ ለቀብሩ ነዳሁለት። ከቤተ ክርስቲያኑ መልስ፣ ሰው ሻይ ሲጠጣ፣ ልጃቸው ፐርል እጄን ይዛ አልለቅም አለች። አባትሽ ያንን በጋ ባይኖር አባዬ ያኔ ነበር የሚሞተው አለችኝ። የትኛውን በጋ አልኳት። ከዚያ በጋ በፊት በነበረው ክረምት ትኩሳት ይዟቸው ጆሯቸው መደንቆሩን፣ አንዱ ጭራሽ፣ ሌላውም ለስም ያህል መቅረቱን ነገረችኝ። አሥራ አምስት ዓመት የለፉበት የዳኝነት ሥራ የመጨረሻው ዓመት ነበር። ዳኛ ኳሷ ባቱን ስትነካ ካልሰማ ምኑን ይፈርዳል? ሊተዉት ሲሉ አባቴ፣ አንገትዎን ደፍተው አይወጡም፣ እኔ ባለሁበት እኔ እሰማልዎታለሁ ብሎ ከለከላቸው። በሌሎቹ ጨዋታዎች እንዴት እንደተወጡት እግዜር ይወቀው አለች።

የሻይ ሲኒዬን የት እንዳስቀመጥኩ አላስታውስም።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴን ወደ አትክልት ቦታው ይዤው ሄድኩ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እዚያ ነው የሚውለው። ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠና፣ በሙሉ ልብሱ እንዳለ፣ የደረቀ የባቄላ ሐረግ መንቀል ጀመረ። ፐርል የነገረችኝን ነገርኩት። «ወሬኛ ናት» አለ፣ ግን አልካደም።

ለምን በገዛ እግርህ ትወጣ ነበር አልኩት፤ መቆም ትችል ነበር፣ እሳቸው እንደሆነ አይሰሙም።

«ከሚሰማ ሰው ጋር ስቆም ጨዋታ ነው» አለ። «ከማይሰማ ጋር ስርቆት ነው።»

ስለ መጨረሻዋ ኳስ ጠየቅኩት። ሐረጉን መንቀሉን ተወ። ጠማማ ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«አንድ ድምፅ ሰምቻለሁ» አለ። «የባቱ ይሁን የልጁ ሸሚዝ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ካልታወቀ ደግሞ ለመቺው ነው የሚፈረድለት።»

«ቤታችን እኮ ነበር፣ አባ።»

«አውቃለሁ። እጄን ማን ያነሳው ይመስልሻል? ቤቱ ነው ያነሳው። ከዚያ አለቃን ሳያቸው፣ የምነግራቸውን ሁሉ እንደሚያምኑ አየሁ። አወረድኩት።»

«እኔስ? ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ሌባ ነህ ብዬ እኮ ነው ያደግሁት።»

«የሰውዬውን ምስጢር ለልጅ አልነግርም። በኋላም ትጠይቂኛለሽ ብዬ ጠበቅኩ፣ አልጠየቅሽኝም። የጠየቅሽኝ አንዴ ነው፤ ስንት ሰጡህ ብለሽ።»

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ ውስጥ ያ የአጥሩ በር ላይ ያየሁት ነገር አሁንም አለ።

«ምንም አልሰጡኝም፣ ብራዮኒ» አለኝ።